ያለ ቃል፣ በአፍ ድምፅ ብቻ ኮምፒውተር ማዘዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ካዛንቺስም ሁኑ አራት ኪሎ፣ ካፌ ቁጭ ብላችሁ «እጁ የማይታዘዝለት ሰው ኮምፒውተር በድምፅ መጠቀም ይችላል» ብትሉ ከአምስቱ አራቱ «አማርኛ መች ይገባውና!» ይሏችኋል፣ ወሬው እዛው ያልቃል። ቆይ ግን ከአፍ የሚወጣ ድምፅ ሁሉ ቃል ነው እንዴ? ማፏጨት አለ፣ በአፍንጫ ማንጎራጎር አለ፣ ከንፈርን «ጷ» ማድረግ አለ፣ «ኣኣኣ» ብሎ ማስረዘም አለ። ኮምፒውተር በነዚህም ይታዘዛል።

«አማርኛ ስለማይችል ለኛ አይሆንም»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። በቃል የሚታዘዙት የአፕሉ ቮይስ ኮንትሮልም የዊንዶውሱ ቮይስ አክሰስም አማርኛ የላቸውም፣ እውነት ነው። ጉግል ከ2017 (በፈረንጅ) ጀምሮ አማርኛ ስንናገር ይፅፍልናል ግን እሱ ለመፃፍ ነው እንጂ ማውስ አያንቀሳቅስም። ያለ ቃል የሚሰራው ሲስተም ግን ምን እንዳላችሁ ጉዳዩም አይደለም፣ የሚያየው ድምፁ ጮኸ ወይስ ቀነሰ፣ ቀጠነ ወይስ ወፈረ፣ ምን ያህል ቆየ፣ አናባቢው የቱ ነው፣ በቃ። አሜሪካ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተሰራው ቮካል ጆይስቲክ የሚባለው ነገር ለምሳሌ እያንዳንዱን አናባቢ ለአንድ አቅጣጫ ይሰጠዋል፣ አንዱን ስታስረዝሙ ከርሰሩ (ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት) ወደ ላይ ሌላውን ስታስረዝሙ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ድምፃችሁን ከፍ ስታደርጉ ይፈጥናል፣ ስትቀንሱ ይዘገያል፣ ዝም ስትሉ ይቆማል፣ ክሊክ ደሞ በአጭር ድምፅ ነው። በ ቡ ቢ ባ ቤ ብ ቦ እያለ ላደገ ሰው ይሄ ምኑ ይከብዳል? ሰባቱም አናባቢ ከልጅነታችን አፋችን ላይ ነው። ስለዚ ኩባንያዎቹ አማርኛ እስኪጨምሩ እጅ አጣጥፎ መጠበቅ ለኔ አይገባኝም፣ ይሄኛው መንገድ አሁን ክፍት ነው።

«ቃል መናገር አይቀልም? ምን ያስጮኻል»

አንድ አዝራር ለመጫን ከሆነ ቃል ይቀላል፣ አልከራከርም። ግን በቃል ማውስ ስትነዱ አስቡት፣ «ውረድ፣ ውረድ፣ ቁም፣ ኧረ አለፈ፣ ተመለስ»። ልክ ሚኒባስ ወደ ኋላ እያስኬደ እንደሚያስቆም ረዳት ነው የምትሆኑት። ይሄን ታኬኦ ኢጋራሺ እና ጆን ሂዩዝ የሚባሉ ተመራማሪዎች ገና በ2001 በፈረንጅ ነው ያነሱት፣ ሀሳባቸው ቀላል ነው፦ ድምፁ እስከቆየ ድረስ ገፁ ይውረድ፣ ድምፁ ሲቀጥን ይፍጠን፣ «ታ ታ ታ» ሲባል ደረጃ በደረጃ ይጨምር። ከዛ በ2007 (ይሄም በፈረንጅ) ደሞ እዛው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ቮይስድሮው የሚባል ሰው በድምፁ ብቻ ስዕል የሚስልበት ፕሮግራም መጣ። በቃል ትዕዛዝ ክብ ለመሳል ሞክሩና ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

«መናገር ለማይችል ሰው ብቻ ነው» / «ለዓይነ ስውራን ነው»

ሁለተኛውን ቶሎ ልጨርሰው፦ ለማያይ ሰው ዋናው ነገር ስክሪኑን የሚያነብለት እንደ ኤንቪዲኤ ያለ ፕሮግራም ነው፣ እሱ ሌላ ጉዳይ። ይሄኛው እጁ ለማይሰራለት ነው፣ አከርካሪው ለተጎዳ፣ ሴሬብራል ፖልሲ ላለበት፣ ኪቦርድ ላይ ውሎ የእጁ አንጓ ለሚያመውም ጭምር። ስትሮክ መትቶት ንግግሩ የተኮላተፈ ሰውን ቃል የሚሰማው ሲስተም ላይረዳው ይችላል፣ «ኣኣ» ማለት ከቻለ ግን ይሄኛው ይበቃዋል።

«ውድ ዕቃ ይፈልጋል»

አይፈልግም። አይፎን ካላችሁ ከአይኦኤስ 15 (በፈረንጅ 2021) ጀምሮ ይሄ ነገር ውስጡ አለ፣ ሴቲንግ፣ አክሰሲቢሊቲ፣ ስዊች ኮንትሮል፣ እዛ ውስጥ አዲስ ስዊች ስትጨምሩ ሳውንድ የሚል ታገኛላችሁ። «ፕ»፣ «ክ»፣ «ሽ»፣ የምላስ ጠቅታ፣ የፈለጋችሁትን ምረጡ። ለኮምፒውተር ደሞ ታሎን የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ነፃ ነው፣ ከንፈራችሁን «ፖፕ» ስታደርጉ ክሊክ፣ «ስስስ» ስትሉ ስክሮል (ገፁ ይንቀሳቀሳል)።

«ጫጫታ ባለበት አይሰራም»

ግማሹ እውነት ነው፣ በተለይ ለኛ። ፒያሳ አካባቢ ቢሮ ያለው ሰው ከውጪ ቁፋሮ፣ ጥሩንባ፣ «ሜክሲኮ ሜክሲኮ» የሚል ረዳት፣ ምን የሌለ አለ። ሰው ግን የሚፈራው የተሳሳተውን ጫጫታ ነው። ችግር የሚያመጣው ከመረጣችሁት ድምፅ ጋር የሚመሳሰለው ነው። የካፌ ማሽን ወተት ሲያሞቅ «ሽሽሽ» ይላል አይደል፣ «ስስስ» ስክሮል ለሚያደርግላችሁ ፕሮግራም ያ ማኪያቶ ትዕዛዝ ነው፣ ገፁን ይዞት ይሄዳል። ስለዚ ካፌ ውስጥ የሚፈነዳውን «ፖፕ» ምረጡ፣ ፀጥ ያለ ቤት ከሆነ የሚረዝመውን። ሌላው ማይኩን አፍ ላይ ማቅረብ ነው፣ ተራ ሄድሴት ይበቃል፣ ከላፕቶፑ ማይክ በጣም ይሻላል።

«ሰው ፊት ያሳፍራል»

ከንፈር መምጠጥ፣ እልል ማለት፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስቦ «አዎ» ማለት የማያሳፍረው ህዝብ «ጷ» ብሎ ክሊክ ማድረግ ያሳፍረዋል ብዬ አላምንም። ፕራግ ውስጥ ተመራማሪዎች በፉጨትና በማንጎራጎር የሚሰራም ሞክረዋል፣ ፉጨቱ እኛ ጋ ማታ ቤት ውስጥ ከእናት ጋር ያጣላ ይሆናል እንጂ ማንጎራጎሩ ችግር የለውም። አሰሪም ቢሆን «ይረብሻል» ብሎ በቀላሉ መዝጋት የለበትም፣ የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ 568/2000 አሰሪው ምቹ የሥራ ሁኔታና መሳሪያ እንዲያመቻች ያስገድዳል።

«እጅን ሙሉ በሙሉ ይተካል»

እንዲህ ብለው የሚያጋንኑም አሉ። ጉሮሮ ይደክማል፣ ቀኑን ሙሉ «ኣኣኣ» አይባልም፣ ረጅም ፅሁፍ በዚህ ፊደል በፊደል መልቀም ደሞ ትዕግስት ይጨርሳል። መቀላቀል ነው የሚያዋጣው፦ አቅም ያለው የዓይን መከታተያ ይጨምርበት፣ በዓይኑ ጠቁሞ በ«ፖፕ» ይጫን፣ ንግግሩ ጥርት ያለለት ሰው ፅሁፉን በአማርኛ ለስልኩ እየተናገረ ያፅፍ፣ የአፍ ድምፁን ለክሊክና ለስክሮል ያስቀረው።