ብራውዘሩ ይከፍታል፣ ጊት እምቢ ይላል

ጎንደር ፒያሳ ያለው ቢሯችን የኮድ ሰርቨሩን ወደ አዲስ አድራሻ አዛወረ። አሮጌው ላይ ሪዳይሬክት (የመጣውን ጥያቄ ወደ አዲሱ አድራሻ የሚያዞር ደንብ) አደረግንና ቡና አስፈላን። አቦል ሳይቀዳ አዘዞ የሚሠራው ልጃችን ደወለ፦ «ጋሼ፣ ክሎን እምቢ አለኝ!» ክሎን ማለት ጊት በሚባለው የኮድ መያዣ ፕሮግራም የኮዱን ሙሉ ቅጂ ከሰርቨሩ ማውረድ ነው። የዚያን ቀን ከተባሉት ውስጥ ስህተት የሆኑት እነዚህ ናቸው። የመጀመሪያው የራሴ ነው።

«ብራውዘር ላይ ከተከፈተ ሪዳይሬክቱ ደህና ነው»

አይደለም። ብራውዘሩ የሞከረልኝ ዋናውን ገጽ ብቻ ነበር። ጊት ክሎን ሲያደርግ ግን አስቀድሞ «ኢንፎ ሬፍስ» የሚባል አድራሻ ይጠይቃል። ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ደግሞ የሚፈልገውን አገልግሎት ስም ያስከትላል። ሪዳይሬክቱ ይህን ጭራ ሳይነካ ማሳለፍ አለበት። ከተቆረጠ ጊት ወይ «ሪፖዚቶሪው (የኮዱ ማከማቻ) አልተገኘም» ይላል፣ ወይ የአድራሻውን መሠረት ማደስ አልቻልኩም ብሎ ያቆማል። የመግቢያ ገጽ ላይ የሚጥል ሪዳይሬክትም ያው ጣጣ ያመጣል።

የእኛን ጭራ የቆረጠው ማን ነው? እኔው። ኤንጂንኤክስ በሚባለው ዌብ ሰርቨራችን ላይ «ዩአርአይ» የሚለውን ተለዋዋጭ ጽፌ ነበር፤ እሱ ከጥያቄ ምልክቱ በፊት ያለውን መንገድ ብቻ ነው የሚይዘው። «ሪኩዌስት ዩአርአይ» ብዬ ስቀይረው ክሎኑ ሠራ። ለዚህች አንድ ቃል ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ።

«301ም 308ም ያው ነው»

እነዚህ ሰርቨሩ ሪዳይሬክት ሲያደርግ የሚልካቸው የመልስ ቁጥሮች ናቸው። ማራኪ ሰፈር እቃ አድርስ ብላችሁ የላካችሁት ልጅ «ሱቁ አዘዞ ሄዷል» ሲሉት እቃውን ጥሎ ባዶ እጁን አዘዞ ቢደርስስ? በ301 እና በ302 ብዙ ፕሮግራሞች ፖስትን (ዳታ ይዞ የሚሄድ ጥያቄ) ወደ ጌት (ባዶ እጁን የሚሄድ ጥያቄ) የሚቀይሩት እንዲህ ነው። 307 እና 308 እቃውን አያስጥሉም። ጊት ላይ ግን 308ም ብቻውን አያድንም። ካልነካካነው በቀር ጊት ሪዳይሬክት የሚከተለው በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ፖስቱን ብቻ የሚያዞር ደንብ ዋጋ የለውም።

«ካሹን አጥፋው»

301ን በካሽ፣ ማለትም ለሌላ ጊዜ በሚያስቀምጠው ቅጂ፣ የሚይዘው ብራውዘሩ ነው። ጊት በየጊዜው አሮጌውን አድራሻ እንደ አዲስ ይጠይቃል። ደንቡን ካስተካከላችሁ በኋላ ብራውዘሩ የድሮውን ካሳያችሁ አትደናገጡ፣ ከትዕዛዝ መስመር አድራሻ በሚጠይቀው ፕሮግራም፣ በከርል፣ ሞክሩት።

«ኤስኤስኤችም አብሮ ይዞራል»

ኤስኤስኤች ጊት ከዌብ ውጭ ከሰርቨር ጋር የሚገናኝበት ሌላ መንገድ ነው። መደበኛ በሩ (ፖርቱ) 22 ነው፤ ዌብ ሰርቨሩ አያየውም። በኤስኤስኤች የሚገባ ሁሉ የሪሞቱን (ጊት የመዘገበውን የሰርቨር) አድራሻ በእጁ ይቀይር። የአዘዞው ልጅ ክሎኑ ከሠራለት በኋላ ፑሽ (ኮዱን ወደ ሰርቨሩ መላክ) እምቢ ብሎት መልሶ የደወለው ለዚህ ነበር፤ የፑሽ አድራሻው አሁንም የድሮው ኤስኤስኤች ነው።