የባሕር ቀለም ከሳተላይት ሲታይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአራት ኪሎ ቀና ብሎ እንጦጦን የሚመለከት ሰው ተራራው ከአረንጓዴነቱ ይልቅ ሰማያዊ መስሎ ይታየዋል፤ በመካከል ያለው አየር የበተነው ብርሃን በተራራው ቀለም ላይ ስለሚደረብ ነው። የባሕርን ቀለም ከሳተላይት የሚያጠና ባለሙያም ከዚሁ ችግር ጋር ይታገላል፤ ሥራውን በተመለከተ የሚሰነዘሩት ብዙዎቹ ስሕተቶችም ይህን ካለማጤን ይጀምራሉ።

«ሳተላይቱ ባሕሩን ፎቶግራፍ ያነሳል፤ ከዚያ አረንጓዴው ይቆጠራል።»

የሚለካው በተለያዩ የሞገድ ርዝመቶች የሚመጣ ብርሃን ነው። ፋይቶፕላንክተን የሚባሉት በውኃ ላይ ተንሳፋፊ ደቃቅ ሕዋሳት የያዙት ክሎሮፊል የተባለ አረንጓዴ ቀለም በ443 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን አብዝቶ ስለሚውጥ፣ ክሎሮፊሉ በጨመረ ቁጥር ከውኃው የሚመለሰው ሰማያዊ ብርሃን ከአረንጓዴው አንጻር እያነሰ ይሄዳል፤ መጠኑም ከዚህ ንጽጽር ይሰላል። ይሁን እንጂ ሳተላይቱ ዘንድ ከሚደርሰው ብርሃን 90 በመቶ ያህሉ የከባቢ አየር ድርሻ በመሆኑ፣ ይህ በትክክል ካልተቀነሰ ቀሪው ስሌት ዋጋ የለውም።

«ክሎሮፊል የበዛበት ባሕር ሁሉ ምርታማ ነው።»

ይህ ከሁሉም የጸናው ስሕተት ነው፤ ሳይንስ የተማሩ ሰዎችም ይሳሳቱበታል። ክሎሮፊል በአንድ ጊዜ የተገኘ ክምችት ሲሆን፣ ምርታማነት ግን በቀን ወይም በዓመት ምን ያህል ካርቦን ወደ ሕያው አካል እንደተለወጠ የሚናገር የፍጥነት መለኪያ ነው። በአንድ ተራ የቆሙትን ታክሲዎች የቆጠረ ሰው በዕለቱ ስንት ተሳፋሪ እንደተጓጓዘ አላወቀም። በዚያ ላይ ብርሃን ሲያንሳቸው ሕዋሳቱ ተጨማሪ ክሎሮፊል ስለሚያመርቱ፣ ቁጥራቸው ሳይጨምር ውኃው አረንጓዴ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ክሎሮፊሉን ከባሕሩ ሙቀትና ከፀሐይ ብርሃን መጠን ጋር አጣምረው የሚያሰሉ ሞዴሎች ያስፈልጋሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ቤረንፌልድና ፋልኮውስኪ በተባሉ ተመራማሪዎች የቀረበው በሰፊው ይታወቃል። በዚህ ዓይነት ስሌት የውቅያኖሶች የተጣራ ምርት በዓመት 50 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ገደማ፣ ማለትም የየብስና የባሕር ድምር ምርት ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። የፋይቶፕላንክተን ክብደት በምድር ካሉት ፎቶሲንተሲስ አካሂያጆች አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ በየጥቂት ቀናቱ እየተበላና እየተተካ ግን ይህን ያህል ያመርታል።

«መርከብ ከእንግዲህ አያስፈልግም።»

ያስፈልጋል። ሞዴሎቹ የሚፈተኑት ከባሕር በተቀዳ ውኃ ላይ ካርቦን 14 በተባለው ጨረር አመንጪ የካርቦን ዓይነት በሚደረግ ልኬት ነው። ደግሞም ሳተላይቱ የሚያየው የላይኛውን ንብርብር ብቻ ሲሆን፣ በብዙ ሞቃት ባሕሮች ክሎሮፊል እጅግ የሚከማቸው ከዚያ በታች ነው።

«ሳተላይት ሁልጊዜ ያያል።»

ደመና ይጋርደዋል። በእኛ ክረምት ወራት የሚነፍሰው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ በሶማሊያ ጠረፍ ንጥረ ነገር የበዛበትን ቀዝቃዛ ጥልቅ ውኃ ወደ ላይ ያወጣና ፋይቶፕላንክተኑን ያራባል፤ የሚያሳዝነው ግን ዓረቢያ ባሕር በደመናና በአቧራ የሚሸፈነው በዚያው ወቅት መሆኑ ነው። ለዚህ ነው የዕለት መረጃ እየተደመረ በስምንት ቀን ወይም በወር አማካይ የሚቀርበው።

«ባሕር ለሌለው አገር ምን ይረባል?»

መረጃው በነጻ ስለሚገኝ፣ አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ማውረድ የሚችል ሁሉ ሊያጠናው ይችላል። በ300 ሜትር ጥራት የሚያየው የአውሮፓው ሳተላይት የሴንቲኔል-3 መሣሪያ ትልልቅ ሐይቆቻችንንም ይለያል። ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው፤ ዓባያ የደፈረሰው በውኃው በተንጠለጠለ ደለል ሲሆን፣ ለጥልቅ ውቅያኖስ የተሠራውን የሰማያዊና አረንጓዴ ቀመር ያለ ማስተካከያ እዚያ ላይ የተጠቀመ ተማሪ ጭቃውን በአልጌ ቆጥሮ ይመለሳል።