አሮን የከፋው ቀን

ወገኖቼ ቤተ እስራኤል፣ ሐግ ሳሜያሕ። እንኳን አደረሳችሁ።

በሐኑካ፣ ስምንት ሌሊት መብራት በምናበራበት በዓል፣ ጠዋት ጠዋት በጸሎት ቤት የሚነበበው ከኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 7 ነው። በዚህ ንባብ መሐል የሚያንቀላፋ ብዙ ነው፤ አልፈርድበትም። ዐሥራ ሁለት አለቆች ለመሠዊያው ምረቃ በየተራ ስጦታ ያመጣሉ፤ የሁሉም ስጦታ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። 130 ሰቅል የሚመዝን የብር ሳህን፣ 70 ሰቅል የሚመዝን የብር ጎድጓዳ ዕቃ፣ ዕጣን የሞላበት 10 ሰቅል የወርቅ ጭልፋ፣ ከዚያ ወይፈኑ፣ አውራ በጉ፣ ጠቦቱ። ኦሪት ግን «እንደ ፊተኛው» ብላ አታልፍም። ከይሁዳው ነአሶን ጀምራ ዐሥራ ሁለቴ ትዘረዝረዋለች፤ የማንም ስጦታ በሌላው ስም ተጠቅልሎ እንዲቀር አልፈቀደችም።

ከዝርዝሩ የጎደለ አንድ ነገድ አለ። ሌዊ የለም። አሮን የለም።

በስምንተኛው ቀን ንባቡ ዝርዝሩን ጨርሶ ወደ ምዕራፍ 8 ይሻገራል። እግዚአብሔር ሙሴን፣ ለአሮን ንገረው፣ መብራቶቹን ስትለኩስ ሰባቱ መብራቶች በመቅረዙ ፊት ያብሩ ይለዋል። የኦሪት ተርጓሚው ራሺ እዚህ ላይ ቆሞ ይጠይቃል፤ የመቅረዙ ነገር ከአለቆቹ ስጦታ ጋር ለምን ተጎራበተ? ሲመልስም፣ አሮን የአለቆቹን ምረቃ ባየ ጊዜ ልቡ ደከመ፤ እርሱም ነገዱም ከእነርሱ ጋር አልነበሩምና። ቅዱሱ አምላክ ግን «በሕይወትህ! ያንተ ከእነርሱ ይበልጣል፤ አንተ መብራቶቹን ታበራለህ፣ ታሰናዳለህም» አለው ይላል።

ይህን ቃል እወደዋለሁ። አሮን እኮ ሊቀ ካህናት ነው። በአስተስርዮ ቀን ወደ ቅድስተ ቅዱሳን የሚገባ እርሱ ነው። ክብር አልጎደለውም። እንዲያም ሆኖ ወገኑ ሁሉ በተሰለፈበት በዓል ላይ «የኔ እጅ የት አለ?» ብሎ ከፋው። ፈጣሪም «አንተን የሚያህል ሰው በዚህ ይከፋዋል?» ብሎ አልገሠጸውም፤ በባዶ ቃልም አላባበለውም። ሥራ ሰጠው። እሳቱን በእጁ አስያዘው።

ሌላው የኦሪት ተርጓሚ ራምባን ደግሞ ይጨምርበታል። ቤተ መቅደሱ ሲፈርስ መሥዋዕቱም መቅረዙም አብረው ቀርተዋል፤ ታዲያ የአሮን ድርሻ በምን ይበልጣል? ነገሩ የሐኑካን መብራት የሚጠቁም ነው ይላል። የአሮን ልጆች፣ ሐሽሞናውያን፣ ያበሩት ብርሃን ከጥፋቱ በኋላም በስደት አልተቋረጠም።

የሐሽሞናውያንን ታሪክ ታውቁታላችሁ፣ አላስረዝመውም። የግሪኮች ንጉሥ አንጥዮኮስ መቅደሱን አረከሰ፤ ከሞዲዒን የተነሡት ማታትያስና ልጆቹ ተዋጉ፤ ይሁዳ መቃቢ በኪስሌቭ ወር 25 ቀን መሠዊያውን አደሰ። የሊቀ ካህናቱ ማኅተም ያልተነካባት አንዲት የዘይት ማሰሮ ተገኘች፤ ለአንድ ቀን የምትበቃው ለስምንት ቀን ነደደች። (በአገር ቤት ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን መጽሐፈ መቃብያን ሲባል የሰማችሁ፣ እሱ የሚያወራው ሌላ ታሪክ ነው፤ አታደባልቁት።)

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ልግባ። በዚህ በዓል ማኅበረሰባችን አብሮ በሚያበራበት አንድ አዳራሽ ተገኝቼ ነበር። ዘፈኑ፣ በዘይት የተጠበሰው ጣፋጭ ሱፍጋንያ፣ የልጆቹ ደስታ፣ እሰየው ነው። ከኋላ ወንበር ግን እናቶቻችን ነጠላቸውን ተከናንበው፣ አንድ የማኅበረሰባችን ቄስ ነጭ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ ተቀምጠዋል። መድረኩ ላይ የሚነገረው በሙሉ በዕብራይስጥ ነው። ቡራኬውን በቃሉ የሚያውቅ ልጅ ተጠርቶ አበራ፤ ይጠራ፣ ደስ ይላል። ቄሱን ግን «ይባርኩን» ያላቸው አንድ ሰው አልነበረም። ሲያልቅ አንዲት እናት «እኛማ ለመቀመጥ ነው የመጣነው» እያሉ ሲወጡ ሰማሁ።

በየቤታችንስ? ልጆቹ ሳሎን ውስጥ ያበራሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ፎቶውን ለዓለም ይልካሉ፤ አያት በጓዳ ናት። «እሷ ይሄን አታውቀውም» ይባላል። አታውቀውም? አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የምድጃውን እሳት አጥፍታ ሰንበትን በጨለማ የተቀበለች ሴት ስለ መብራት የማታውቀው ምንድን ነው? «በሰንበት ቀን በማደሪያችሁ ሁሉ እሳት አታንድዱ» የሚለውን ቃል እኛ በመጽሐፍ አነበብነው፤ እሷ በብርድ ሌሊት ኖረችበት።

ሌላም አለ። ወገኖቻችንን ከሱዳን ወደ እስራኤል ያሻገረው የሙሴ ዘመቻ በኖቬምበር 1984 ተጀምሮ በጃንዋሪ 1985 መጀመሪያ ቆመ። የዚያ ዓመት ሐኑካ የዋለው በዲሴምበር፣ በዘመቻው መሐል ነበር። ከወገኖቻችን ገሚሱ ገና በሱዳን መጠለያ ሬሳ እየቀበረ፣ ገሚሱ በእስራኤል በሚርካዝ ክሊታ፣ በአዲስ ገቢዎች ማረፊያ፣ ምንነቱን ያልነገሩትን ሻማ እያየ ነበር። በመንገድና በሱዳን ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎቻችን ሞተው ቀርተዋል። ታዲያ በሁለተኛው ቡራኬ ልጅህ «ለአባቶቻችን በዚያ ዘመን በዚህ ወቅት ተአምራትን ያደረገ» ብሎ ሲባርክ፣ ያ ተአምር የተደረገላት ሰው በሚቀጥለው ክፍል ብቻዋን ተቀምጣለች። ለማን ነው የምንባርከው? ልቤ ያዝናል፣ ወንድሞቼ።

እናንተም ሽማግሌዎቻችን፣ ከፈቀዳችሁልኝ አንድ ነገር ልበል። «ይህ በዓል በአገር ቤት አልነበረንም፣ በኦሪትም አልተጻፈም» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ አባቶቻችን የያዙት ፋሲካን፣ ማእረርን፣ አስተስርዮን፣ መጸለትን ነው። ነገር ግን ሲግድስ በኦሪት የት ታዘዘ? መሠረቱ ነህምያ ነው፤ ከስደት የተመለሰ ሕዝብ ተሰብስቦ ሕጉን ሰማ፣ አለቀሰ፣ ቃል ኪዳኑን አደሰ። ሐኑካም ከመርከስ በኋላ መታደስ ነው። በሲግድ ቀን ተራራ ወጥታችሁ የሰገዳችሁለት መቅደስ ነው፤ ወር ሳይሞላ ደግሞ የዚያው መቅደስ መብራት ይከበራል። የሌላ ሰው በዓል አድርጋችሁ አትዩት። አሮንም ከምረቃው የቀረው ርስቱ ስላልሆነ አልነበረም።

እናቶችስ ቢሆኑ? የጥንቱ መምህር ረቢ ዮሹዓ ቤን ሌቪ፣ ሴቶች የሐኑካ መብራት ግዴታ አለባቸው፣ እነርሱም በዚያ ተአምር ውስጥ ነበሩና ብሏል። «አንድ ሰው ለቤቱ ያብራ» ሲባል ቤቱ ሁሉ በመብራቱ ዙሪያ እንዲገኝ ነው።

የረቢዎች ትምህርት የተሰበሰበበት ታልሙድ አንድ ከባድ ጥያቄ ያነሣል። ድሃ ሰው አርብ ማታ የሐኑካን ወይም የሰንበትን መብራት፣ ከሁለት አንዱን ብቻ መግዛት ቢችል የቱን ይግዛ? የሐኑካው መብራት ተአምርን ያውጃል። የሕግ መምህሩ ራምባም (ከራምባን ሌላ ነው) ስለ እርሱ ሲናገር፣ በምጽዋት የሚኖር ሰው እንኳ ይለምን ወይም ልብሱን ይሽጥና ዘይት ይግዛ ይላል። እንዲህ የከበረው መብራት ግን በዚህ ጥያቄ ይሸነፋል። የሰንበት መብራት ይቀድማል፤ ምክንያቱም የቤት ሰላም ነው፣ ሰዎች በጨለማ እንዳይደናበሩ። ራምባም ሲያጠቃልልም፣ በባልና በሚስት መካከል ሰላም ለማድረግ የእግዚአብሔር ስም ራሱ ይፋቃል፣ ኦሪት በሙሉ የተሰጠችው በዓለም ሰላም ለማድረግ ነው ብሎ የሐኑካን ሕግ በዚህ ይዘጋዋል።

ይህን እያወቅን በእናታቸው ቤት ጉዳይ የተኮራረፉ ወንድማማቾች በሁለት ሰፈር ሁለት ሐኑኪያ፣ የሐኑካ መቅረዝ፣ ያበራሉ። እናት ወደ ማንኛው ትሂድ? ሁለታችሁም መስኮት ላይ አስቀምጣችሁ ለመንገደኛ ታሳያላችሁ፤ ተአምሩን አወጅን ትላላችሁ። ሕጉ አብሩ ብሏችኋል፣ ልክ ናችሁ። ግን ዛሬ ማታ ከማብራታችሁ በፊት አንዳችሁ ስልክ ደውሉ። ማን ይቅደም ካላችሁ፣ ታናሽየው ይቅደም፤ ካልሆነም ታላቅየው። እኔ ግድ የለኝም።

ወገኖቻቸው እስካሁን በጎንደርና በአዲስ አበባ ተራ እየጠበቁ ላሉም ይህን እላለሁ። በማዕዳችሁ ላይ የጎደለውን ሰው አውቃለሁ፤ በዓል ሲመጣ ጉድለቱ እንደሚብስም አውቃለሁ። የአሮንን ቅሬታ የሰማ አምላክ የእነርሱን ያልሰማ አይምሰላችሁ። በስልክም ቢሆን እናንተ ባርኩ፣ እነርሱ አሜን ይበሉ።

ገና ሌሊቶች ቀርተውናል። እንግዲህ በሚቀጥለው ማብራት አያትን ከጓዳ አውጡ፣ ወንበሯን ከሐኑኪያው አጠገብ አድርጉ፣ ሌሎቹ የሚለኮሱበትን ሻማ፣ ሻማሹን፣ በእጇ አስይዟት። ማንበብ ባትችል ሕፃኑ ቀስ ብሎ ይበልላት፣ እሷ ትከተለው፦ ባሩኽ አታ አዶናይ፣ ኤሎሄኑ ሜሌኽ ሃዖላም፣ አሼር ቂድሻኑ ብሚጽዎታቭ፣ ቭጺቫኑ ለሃድሊቅ ኔር ሐኑካ። ቤተሰቡ አሜን ይበል። ከዚያ ቄስ ወይም ሽማግሌ በቤቱ ካለ በአማርኛም በግዕዝም ይመርቅ፤ ልጆቹ ባይገባቸውም ጎንበስ ብለው ይቀበሉ።

አርብ ላይ ደግሞ አስቀድሞ የሐኑካው፣ ቀጥሎ የሰንበቱ ይበራል። የሐኑካው ዘይት ከዋክብት ከወጡ በኋላ ግማሽ ሰዓት የሚቆይ መሆን አለበት፤ ከሱቅ የሚገዙት ቀጫጭን ባለቀለም ሻማዎች ለአርብ አይበቁም፣ ረጅሙን ወይም ዘይቱን ግዙ።