ከተረከዝ በሚወሰድ ደም የሚሠራ የጨቅላ ሕፃናት የአልጋ ዳር ምርመራ

የአልጋ ዳር ምርመራ የሚባለው ደሙ ወደ ዋናው ላቦራቶሪ ሳይላክ፣ ሕፃኑ በተኛበት ክፍል ውጤቱ የሚታወቅበት አሠራር ነው። በጨቅላ ሕፃናት ላይ በአብዛኛው የሚሠራው ከእግር ተረከዝ በሚወሰዱ ጥቂት ጠብታዎች ነው። 1 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በመላ ሰውነቱ ያለው ደም 100 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። ለአዋቂ ምንም የማይመስለው የ5 ሚሊ ሊትር ናሙና ለእሱ ከ20 እጅ አንዱ ነው።

የተረከዝ ደምን ወረቀት ላይ አድርቆ መመርመር የተስፋፋው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ጉትሪ ፒኬዩ ለተባለው በዘር የሚተላለፍ በሽታ ከተጠቀመበት በኋላ ነው።

ማሽኑ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ውጤቱ የሚበላሸውም የሚያምረውም በነርሷ እጅ ነው። ተረከዙ መጀመሪያ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በለብ ያለ ጨርቅ ይሞቃል። ሙቀቱ ከ42 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለፍ የለበትም። ከዚያ በአልኮል ይጠረግና እስኪደርቅ ይጠበቃል። የሚወጋው ከተረከዙ ሥር የውስጥ ወይም የውጭ ጎኑ ነው። መሃሉና የኋላው ጫፍ አይነካም፤ እዚያ አጥንቱ ለቆዳ ስለሚቀርብ ኢንፌክሽን አጥንት ውስጥ ሊገባ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ጥልቀቱ ከ2.4 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይላል። ያለጊዜያቸው ለተወለዱት ከዚህ በጣም ያነሰ የሚወጋ ላንሴት፣ ማለትም መውጊያ፣ አለ። የመጀመሪያው ጠብታ በጎዝ ይጠረጋል፤ የሚመረመረው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ደም አልወጣም ብሎ እግሩን አጥብቆ መጭመቅ ትልቅ ስህተት ነው። ቀይ የደም ሴሎች ይፈነዳሉ፣ ፖታሲየምም ከልኩ በላይ ከፍ ብሎ ይታያል።

በአገራችን የጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች በዚህ መንገድ በብዛት ከሚሠሩት ምርመራዎች ቀዳሚው የስኳር ነው። ያለጊዜው የተወለደ፣ ክብደቱ ያነሰ፣ ሲወለድ የታፈነ፣ ሰውነቱ የቀዘቀዘ፣ ጡት አልይዝ ያለ፣ ወይም የስኳር ሕመም ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። አንዳንዱ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱ ምንም ምልክት አያሳይም። ወርዶ ከቆየ ግን አንጎል ይጎዳል። የስኳር ማሽኑ መልሱን በሰከንዶች ይሰጣል። ለላቦራቶሪ የተላከ ደም ቱቦ ውስጥ ሲቆይ ሴሎቹ ስኳሩን ይበሉታል፤ በአልጋ ዳር ይህ ችግር የለም።

ወረደ የሚባለው የት ላይ እንደሆነ ግን ሁሉም አይስማማም። ብዙዎች 45 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትርን ይይዛሉ። ሌሎች 47፣ አንዳንዶችም 50 ይላሉ። ለአዋቂ ታስቦ የተሠራ ማሽን በዝቅተኛ ቁጥሮች ላይ ሊስት ይችላል። የሕፃኑ ሄማቶክሪት፣ ማለትም ቀይ የደም ሴሎች በደሙ ውስጥ ያላቸው ድርሻ፣ ከፍ ካለ ደግሞ ብዙ ማሽኖች ስኳሩን ከእውነተኛው ዝቅ አድርገው ያነባሉ። ስለዚህ ዝቅተኛ ውጤት በላቦራቶሪ ይረጋገጣል፤ ሕክምናው ግን ማረጋገጫውን አይጠብቅም።

ሌላው ትልቅ ዘርፍ ከኤች አይ ቪ ጋር ከሚኖሩ እናቶች የተወለዱ ሕፃናት ምርመራ ነው። የእናት ፀረ እንግዳ አካል በሕፃኑ ደም ውስጥ ስለሚቆይ ፀረ እንግዳ አካልን የሚፈልገው ተራው ፈጣን ምርመራ አይበቃም፤ ቫይረሱ ራሱ መፈለግ አለበት። የተለመደው መንገድ በ6 ሳምንት አካባቢ የተረከዝ ደም ወረቀት ላይ አድርቆ፣ ዲቢኤስ የሚባለውን፣ ወደ ክልል ላቦራቶሪ መላክ ነው። እናት ውጤቱን ሳምንታት ትጠብቃለች፤ ሳይመለሱ የሚቀሩ እናቶችም አሉ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ጤና ድርጅት ለዚሁ ምርመራ ሁለት የአልጋ ዳር ማሽኖችን አጸደቀ። አንደኛው ከ1 ሰዓት ባነሰ፣ ሌላው በ1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሳል። ኢትዮጵያም ቀድመው ከሞከሩት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ናት።

ሕፃኑን ቢጫ የሚያደርገውን ቢሊሩቢን የተባለ ንጥረ ነገር ለመለካትም ደም ከተረከዝ በካፒላሪ ቲዩብ፣ ማለትም በቀጭን ቱቦ፣ ይወሰዳል። ናሙናው ከብርሃን ካልተከለለ ውጤቱ ከእውነተኛው ይወርዳል።

መወጋቱ ያማል። ሕፃኑ እየጠባ ወይም በእናቱ ደረት ላይ ተኝቶ ሲሆን ግን ልቅሶው በግልጽ ይቀንሳል፤ ይህን ሳያደርጉ መውጋት ምንም ምክንያት የለውም። ጊዜያቸው ደርሶ በተወለዱት ላይ የተሠሩ ጥናቶች፣ በሠለጠነ ሰው ከደም ሥር መቅዳት ከተረከዝ ይልቅ ያነሰ ሕመም እንዳለው ያሳያሉ። ብዙ ደም ሲፈለግና ለደም ካልቸር፣ ማለትም በደም ውስጥ ጀርም ለመፈለግ በሚሠራው ምርመራም፣ ምርጫው የደም ሥር ነው። ያበጠ ወይም የቆሰለ ተረከዝ አይወጋም።