ሚድል ኔም ምንድን ነው? (የአባት ስም አይደለም)

«ሐበሻ ሚድል ኔም መምረጥ ምን ያስጨንቀዋል? አባቱ አለለት አይደል?» የሚል አስተያየት ሰጪ ሰሞኑን እንደገና ብቅ ብሏል። የለም፣ ወንድሜ። ሚድል ኔም ለልጁ ተመርጦ የሚሰጥ ሁለተኛ የራሱ ስም ነው። የአባት ስም ግን ማንም አይመርጠውም። ስሕተቱ የመጣው ከውጭ አገር ቅጽ ነው፦ ቅጹ ላይ ሦስት የስም ሳጥን አለ፣ እኛም ሦስት ስም እንጽፋለን፣ መሀሉ ከመሀሉ ገጠመ። ነገሩ ይኸው ነው።

በመኪና እናስበው። ሁለተኛው ስም ስኮርታ ነው፤ በየቀኑ አይነዳበትም፣ ግን ባለቤቱ መርጦ የጫነው ነው፣ ሲፈለግ ወርዶ ይገጠማል። ልጁ አድጎ የመጀመሪያ ስሙን ካልወደደው ወይም ክፍል ውስጥ ሞክሼ ከበዛበት በእሱ ይጠራል። የአባት ስም ደግሞ የሻንሲ ቁጥር ነው፤ ከማን እንደመጣ ይናገራል፣ ተፍቆ አይቀየርም። በስኮርታው ቦታ የሻንሲ ቁጥር ጽፎ የወጣ ሰው ጎማ የፈነዳ ቀን ምን ሊገጥም ነው?

«እኛ ዘንድ ሁለተኛ ስም የለም» የሚለውም አያስኬድም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 32 ከቤተ ዘመድ (ከቤተሰብ) ስምና ከአባት ስም ሌላ አንድ ወይም ከዚያ በላይ የራስ መጠሪያ ይፈቅዳል። (ሕጉ የቤተ ዘመድ ስም ያስቀድማል፤ የልደት ምስክር ወረቀቱ ግን ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብሎ ነው የሚሄደው።) ስለዚህ ሁለተኛው ስም ቦታው ከልጁ ስም አጠገብ ነው፣ የአባቱን ገፍቶ አይገባም።

ትርጉም ያለው ስም ሲፈለግ ብዙ ወላጅ የክርስትና ስም ያስባል። ጥሩ ምርጫ ነው፣ ግን ቀን ቁጠሩ። ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ ለሴት ልጅ የሚተርፈው 10 ቀን ነው። ውጭ አገር የሚወልዱ ደግሞ የሆስፒታሉ ቅጽ ብዙውን ጊዜ ከክርስትናው ይቀድማቸዋል።

ዋናው ጣጣ ክፍተት ነው። «ገብረ ማርያም» ተለያይቶ ከተጻፈ ኮምፒውተሩ ሁለት ስም ያደርገዋል፤ «ማርያም» ወደ ቤተሰብ ስም ሊገፋ፣ «ገብረ» ብቻውን ሊቀር ይችላል። የማን አገልጋይ እንደሆነ የማይታወቅ ልጅ! አጣብቃችሁ ጻፉት፣ የላቲን አጻጻፉንም በሁሉም ሰነድ ፊደል በፊደል አንድ አድርጉት።

ፓስፖርት ላይ ደግሞ ማሽን የሚያነበው ክፍል (ከፎቶው ገጽ ግርጌ ያሉት ሁለት መስመሮች) ሚድል ኔም የሚባል ነገር አያውቅም። የቤተሰብ ስም አለ፣ ሌላው ሁሉ በአንድ ላይ ይከተላል። መሀል ላይ ያስገባችሁት የአባት ስም እዚያ የልጁ የራሱ ስም ሆኖ ይነበባል። ለሁሉም ስም የተተወው 39 ቦታ ነው፣ መለያያ ምልክቶቹ ጭምር፤ ካለፈ ይቆረጣል። ስሙን ከማጽደቃችሁ በፊት በላቲን ጽፋችሁ ቁጠሩት።