ማይኔትወርክስ እና ሪሌይሆስት የተለያዩ ናቸው

በፖስትፊክስ የኢሜይል ሰርቨር ላይ ማይኔትወርክስ (mynetworks) እና ሪሌይሆስት (relayhost) የሚባሉት ሁለት የቅንብር መስመሮች በተደጋጋሚ ሲምታቱ ስለማይ፣ ልዩነታቸውን በግልጽ ማስቀመጥ አስፈላጊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ማይኔትወርክስ የይለፍ ቃል ሳይጠየቁ በሰርቨሩ በኩል ወደ የትኛውም አድራሻ መላክ የሚፈቀድላቸውን ኮምፒውተሮች ይዘረዝራል፤ ሪሌይሆስት ግን ሰርቨሩ ራሱ ወደ ውጭ የሚሄደውን መልእክት ለየትኛው ሰርቨር አሳልፎ እንደሚሰጥ ይወስናል።

ለምሳሌ በ192.168.10.0/24 ኔትወርክ (አድራሻቸው በ192.168.10 በሚጀምር ኮምፒውተሮች) ውስጥ ያለ ፕሪንተር ስካን ያደረገውን ሰነድ ያለ ይለፍ ቃል ወደ ውጭ አድራሻ ለመላክ ሞክሮ «ሪሌይ አክሰስ ዲናይድ» (Relay access denied፣ ማስተላለፍ አልተፈቀደም) የሚል ምላሽ ከእኛው ሰርቨር ካገኘ፣ መታየት ያለበት ማይኔትወርክስ ነው፤ ሪሌይሆስትን መቀያየር ምንም አይፈታም። መፍትሔው ኔትወርኩን፣ የተሻለው ደግሞ የፕሪንተሩን አድራሻ ብቻ፣ በዝርዝሩ ላይ መጨመር ነው። እባካችሁ በችኮላ 0.0.0.0/0 (ማለትም ማንኛውንም አድራሻ) አትጻፉ፤ ሰርቨሩ ከኢንተርኔት የሚደረስበት ከሆነ ለማንም የአይፈለጌ መልእክት ማስተላለፊያ ይሆናል፣ አድራሻውም በጥቁር መዝገብ ሊገባ ይችላል፤ ከዚያ ማስወጣት ደግሞ አድካሚ ነው።

አሊያስ (ተለዋጭ የኢሜይል ስም) ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ለአንድ ስም የመጣን መልእክት ለሌላ ተቀባይ ያዞራል እንጂ ለማንም የመላክ ፈቃድ አይሰጥም። የአሊያስስ ፋይሉን ካስተካከላችሁ በኋላ «ኒውአሊያስስ» (newaliases) የሚለውን ትእዛዝ ማስኬድ አትርሱ።

እስካሁን ያልኩት በሁሉም ቦታ አንድ ነው። የሚለያየው በሪሌይሆስት ላይ የሚጻፈው ነው፤ አንዳንድ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ሰርቨሮች ኢሜይል የሚለዋወጡበትን ፖርት 25 ወደ ውጭ ስለሚዘጉ፣ በፖርት 587 ከተጠቃሚ ስምና ከይለፍ ቃል ጋር መላክ ግድ ሊሆን ይችላል።