የመጫን አቅም ምንድን ነው? የሚያከራየውን ቤት ራሱ ለሚጠግን ሰው ያገለገለ መኪና አመራረጥ

የመጫን አቅም ማለት መኪናው ከራሱ ክብደት በላይ እንዲሸከም አምራቹ የፈቀደለት ኪሎ ነው። ከተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ላይ ባዶ ክብደቱን ቀንሶ ማግኘት ይቻላል። ጠቅላላው 2,900 ኪሎ፣ ባዶው 1,950 ኪሎ የሆነ ቫን 950 ኪሎ ይቀረዋል። ብዙ ገዢ የሚሳሳተው ይህን 950 ኪሎ የዕቃ ብቻ አድርጎ ሲቆጥረው ነው። ጋቢና የሚቀመጠው ሠራተኛ፣ የመሣሪያ ሳጥኑ፣ ውስጥ የተገጠመው መደርደሪያ፣ ጣሪያ ላይ ያለው ፖርቶመጋላና መሰላል ሁሉ የሚቀነሱት ከዚሁ ነው። ሾፌሩም እንደ አገሩ ደንብ ይለያል፦ በአውሮፓ ባዶ ክብደት ውስጥ 75 ኪሎ ለሾፌር ይታሰባል፤ በአሜሪካ ግን ሾፌሩ ራሱ እንደ ጭነት ይቆጠራል። አንድ ረዳት 80 ኪሎ፣ መደርደሪያና መሣሪያ 220 ኪሎ ቢይዙ ለሲሚንቶውና ለሴራሚኩ የሚተርፈው 650 ኪሎ ነው።

ቁጥሩ በር ሲከፈት ከሾፌሩ ጎን ባለው ምሰሶ ላይ ወይም ኮፈን ስር በተለጠፈ ሰሌዳ ላይ ይገኛል። በአውሮፓ ሰሌዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቁጥሮች ተደርድረው ይታያሉ፦ የመኪናው ጠቅላላ ክብደት፣ ከነተሳቢው ጠቅላላ ክብደት፣ ከዚያ የፊት አክስልና የኋላ አክስል ከፍተኛ ጭነት። አራተኛውን ችላ አይበሉ። ጠቅላላው ሳይሞላ የኋላ አክስሉ አስቀድሞ ሊያልፍ ይችላል፤ በተለይ ዕቃው ከኋላ ጎማ ወደ ኋላ ሲቆለል። በፊትና በኋላ አክስል መካከል 3 ሜትር ያለው ፒክአፕ ከኋላ አክስሉ 1 ሜትር አልፎ 300 ኪሎ ቢጫንበት፣ የኋላ አክስል የሚሸከመው 300 ሳይሆን 400 ኪሎ ነው። ትርፉ 100 ኪሎ ከፊት ጎማዎች ላይ የተነሳ ነው። የፊቱ ሲቀል መሪው ይላላል፤ ፍሬን ሲያዝም የፊት ጎማ መሬት የመቆንጠጥ አቅሙ ይቀንሳል።

ቤት የሚያድስ አከራይ የሚጭነው ነገር ዓይንን ያታልላል። ፍሪጅ፣ ፍራሽ፣ ቁም ሳጥንና በር ቦታ ይፈጃሉ እንጂ ክብደታቸው ትንሽ ነው። በተቃራኒው መኪናውን የሚጎዱት ትንሽ ቦታ የሚይዙት ናቸው። አንድ ካሬ ሜትር የወለል ሴራሚክ 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 15 ካሬ ሜትር ያለው መታጠቢያ ቤት 300 ኪሎ ሴራሚክና 75 ኪሎ ማጣበቂያ ይፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ግን የካሶኒውን ወለል እንኳ አይሸፍንም። 1.2 በ2.4 ሜትር የሆነ ባለ 12.5 ሚሊ ሜትር ጂፕሰም ቦርድ 25 ኪሎ ያህል ነው፤ ሃያው ግማሽ ቶን ይሆናል። ከሁሉ የከፋው ፍርስራሽ ነው። 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሊሾ ሲነቀል ካሬ ሜትሩ 100 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ደረቅ አሸዋ በሜትር ኩብ 1,600 ኪሎ ገደማ ነው፣ ሲረጥብ ወደ 2,000 ይጠጋል። ስለዚህ ፒክአፕ አሸዋ ሲጭን ካሶኒውን መሙላት የለበትም፤ 600 ኪሎ አሸዋ ከ0.4 ሜትር ኩብ አይበልጥም።

ያገለገለ መኪና ላይ ሰሌዳው የሚናገረው መኪናው አዲስ ሳለ የነበረውን አቅም ነው። ዛሬ ያለው አቅም የቀድሞው ባለቤት በተወው አካል ላይ ይወሰናል። መጀመሪያ ጎማውን ይመልከቱ። በጎማው ጎን ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈው ቁጥር የጭነት መለኪያ ነው፦ 91 ማለት 615 ኪሎ፣ 100 ማለት 800 ኪሎ፣ 112 ማለት 1,120 ኪሎ ለአንድ ጎማ። የኋላ አክስሉ 1,600 ኪሎ የሚፈቅድለት ቫን ላይ ዋጋው ቀላል ስለሆነ የቤት መኪና ጎማ 91 ተገጥሞ ቢያገኙ፣ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚችሉት 1,230 ኪሎ ብቻ ነው። በሙቀት ጊዜ በፍጥነት ሲነዳ የሚፈነዳው እንዲህ ያለው ጎማ ነው። መፍትሔው ጎማውን በትክክለኛው መቀየር ነው፤ ወጪውንም ከመኪናው ዋጋ ላይ ማስቀነስ ይገባል።

ከዚያ መኪናው ስር ይግቡ። ባሌስትራው (የኋላ አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ተደራራቢ የብረት ቅጠል) ባዶ መኪና ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጫፎቹ ወደ ላይ የታጠፉ ቅርጽ ሊኖረው ይገባል፤ ጠፍጣፋ ወይም ጫፎቹ ወደ ታች የታጠፉ ከሆነ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ባሌስትራው ሲጨመቅ አክስሉ ሻንሲውን እንዳይመታ የሚከላከለው የላስቲክ ቁራጭ ከተፈረካከሰ ወይም ከጠፋ፣ መኪናው ለረጅም ጊዜ ከአቅም በላይ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ሜዳ ላይ አቁመው ከቸርኬው መሃል ከጎማው በላይ እስካለው የፓራፋንጎ ጠርዝ በግራና በቀኝ ይለኩ፤ ልዩነቱ ከ2 ሳንቲ ሜትር ካለፈ የተሰበረ ቅጠል ይፈልጉ። ፒክአፕ ላይ ከጋቢናው ጀርባ ያለውን ሻንሲ በባትሪ መብራት ይፈትሹ፤ ስንጥቅ ወይም አዲስ ብየዳ ካለ ሌላ መኪና ቢፈልጉ ይሻላል።

የተጨመረ ባሌስትራ ሲያዩ «ጠንካራ ነው» ብለው አይደሰቱ። ቅጠል መጨመር የኋላውን ከፍ ያደርገዋል እንጂ አክስሉን፣ ፍሬኑንና ሻንሲውን አያጠነክርም፤ የተፈቀደውንም ክብደት አይለውጥም። በብዙ አሮጌ ቫኖችና ፒክአፖች ላይ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አለ፤ መኪናው ዕቃ ጭኖ ዝቅ ሲል ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይሰጣል። ባሌስትራ ተጨምሮ ቫልቩ እንደገና ካልተስተካከለ፣ መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞም ዝቅ ስለማይል የኋላ ፍሬኑ እንደ ባዶ መኪና ይሠራል። ቫልቩ ዝጎ የማይንቀሳቀስበትም ጊዜ ብዙ ነው፤ ዘንጉ መንቀሳቀሱን መካኒክዎ እንዲያይልዎ ያድርጉ።

ሻጩ ከፈቀደ ስድስት ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ጭነው ይሞክሩት። ከፍ ባለ ማርሽ ዝግ ብለው እየሄዱ ነዳጁን ሲረግጡ የሞተሩ ዙር ጨምሮ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ባዶውን መንዳት ይህን ችግር ይሸፍነዋል።

የትኛው ዓይነት ይሻላል? አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ቫን ከደብል ጋቢና ፒክአፕ ይበልጣል። ወለሉ ዝቅ ስለሚል ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ለማስገባት ይቀላል፤ ጂፕሰም ቦርድ ዝናብ አይነካውም፤ መሣሪያም ተቆልፎ ያድራል። ከመግዛትዎ በፊት ግን በሜትር ይለኩ፦ በጎማ ሽፋኖቹ መካከል ከ1.2 ሜትር በላይ፣ በርዝመት ከ2.4 ሜትር በላይ ከሌለ ቦርዱ ተኝቶ አይገባም። ደብል ጋቢና አምስት ሰው ይይዛል፤ ካሶኒው ግን አጭር ነው፣ ሾፌሩ ከተቆጠረ አምስቱም ሰዎች ከመጫን አቅሙ ላይ 400 ኪሎ ያህል ይወስዳሉ። ፍርስራሽ ብቻ ነው ፒክአፕን የሚያስመርጠው፤ በአካፋ ለመጫንና ጠርጎ ለማጠብ ይመቻል።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ትንሽ መኪና ከተሳቢ ጋር። መኪናው የሚጎትተው ክብደት ከመጫን አቅሙ የተለየ ነው፣ ሆኖም ተሳቢው መንጠቆው ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከመጫን አቅሙ ይቀነሳል። የጫናው ልክ አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፓ ከተሳቢው ክብደት ከ5 እስከ 7 በመቶ፣ በአሜሪካ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ከዚያ ካነሰ ተሳቢው በፍጥነት ላይ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ ከባዱ ዕቃ ከተሳቢው አክስል ትንሽ ወደ ፊት ይቀመጥ። ቆሻሻው ተሳቢው ላይ ሲቀር የመኪናው ውስጥም ንጹህ ሆኖ ይቆያል።

ዋጋ ከመስማማትዎ በፊት መኪናውን ነዳጅ ሞልተው፣ ከነመደርደሪያውና ከነፖርቶመጋላው ሚዛን ላይ ያውጡት። ሊብሬ ላይ የተጻፈው ባዶ ክብደት መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ስለሆነ፣ በኋላ የተበየደውን ብረትና የተገጠመውን ክዳን አያውቅም። ሚዛኑ ያሳየውን ከጠቅላላው ክብደት ይቀንሱ፤ የሚቀረው ኪሎ ከዘወትር ሥራዎ ካነሰ መደርደሪያውን አውጥተው ይግዙ፣ ወይም ሌላ ይፈልጉ። በዓመት አንዴ ለሚመጣ አንድ ሜትር ኩብ አሸዋ ብሎ ትልቅ መኪና መግዛት አያስፈልግም፤ አሸዋውን ሻጩ በራሱ ገልባጭ መኪና ቤት ድረስ እንዲያመጣው ማድረግ ይቻላል።